ሲኒውን ገልብጡት፦ የጥንቱን ግሌዝ የሚያስመስለው የቻይና ቤተ መንግሥት ፖርሴሊን እንዴት ይለያል?

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንሱና ገልብጡት። መቀመጫው ላይ አንዲት ቀጭን ክብ ታያላችሁ። በጣታችሁ ዳብሷት። ሻካራ ናት። ሌላው አካሉ እንደ መስታወት ሲያንሸራትት እሷ ብቻ ደረቅ ነች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲኒው እቶን ውስጥ ሲገባ የሚያብረቀርቀው ሽፋን፣ ማለትም ግሌዙ፣ ይቀልጣል። መቀመጫው ላይ ግሌዝ ቢቀር ሲኒው ከቆመበት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪው እሷን ክብ ጠርጎ ነው የሚያስገባው።

ይቺን ክብ ያዙልኝ። ዛሬ የምናየው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፦ ይህ ዕቃ እሳት ውስጥ ሳለ ምን ላይ ቆሞ ነበር?

በነገራችን ላይ «ሲኒ» የሚለው ቃል ዐረብኛውም ውስጥ አለ። እዚያ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። ቡና ስንጠጣ በየቀኑ የቻይናን ስም እየጠራን ነው ማለት ነው።

ወደ ጉዳያችን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ነገሥታት የራሳቸውን የፖርሴሊን (ሲኒያችን የሚሠራበት ዓይነት ነጭ ሸክላ) ፋብሪካ «ከ600 ዓመት በፊት የተሠሩትን ዕቃዎች አስመስላችሁ ሥሩልን» ብለው አዘዙት። ፋብሪካው ሠራ። አሠራሩም የዋዛ አልነበረም። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ሙዚየም ውስጥ ሲቀመጡ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እኔም ተምታቶብኛል። አንድ ሙዚየም ውስጥ አንዱን ሰማያዊ ሳህን በአድናቆት ሩብ ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ መግለጫውን ሳነብ ቅጂው ነበር። ዋናው ከጎኑ ተቀምጧል፣ እኔ ግን ዘልዬው አልፌያለሁ። ይህ መመሪያ ያኔ ባነበው ኖሮ ብዬ የጻፍኩት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ማን ማንን እንዳስመሰለ እወቁ

ዋናዎቹ በአብዛኛው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279) ሥራዎች ናቸው። የቻይና ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚጠሯቸው አምስት ናቸው፦ ሩ፣ ጓን፣ ገ፣ ጁን እና ዲንግ። ዲንግ ነጭ ነው። ሌሎቹ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ እያሉ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ላይ ሥዕል የለም። ያለው ቀለም፣ ቅርጽና ዝምታ ነው።

ቅጂዎቹ የተሠሩት በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በጂንግደጀን ነው። ማስመሰሉን የጀመሩት የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ናቸው። ሹዋንደ (1426–1435) እና ቸንግኋ (1465–1487) የ«ገ»ን ግሌዝ አስመስለው አሠርተዋል። ነገሩ ጫፍ የደረሰው ግን ቀጥሎ በመጣው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በዮንግጀንግ (1723–1735) እና በልጁ በቺየንሎንግ (1736–1795) ነው።

ከዚህ ሥራ ጀርባ ያለው ሰው ታንግ ዪንግ ይባላል። በ1728 ከቤጂንግ ወደ ጂንግደጀን ሲላክ 46 ዓመቱ ነበር። ስለ ሸክላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። ምን አደረገ? በሩን ዘጋ፣ ግብዣና ጨዋታ ተወ፣ ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላና እየተኛ ሙያውን ተማረ። አለቃ ሆኖ የተሾመ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ብዙም አይታይም።

በ1735 ታንግ ዪንግ ፋብሪካው የሚሠራቸውን 57 የግሌዝና የጌጥ ዓይነቶች ዘርዝሮ ጻፈ። ዝርዝሩን ሳነብ አንዱ ላይ ሳቄ መጣ። «የመዳብ አጥንት ያለው፣ ስንጥቅ የሌለበት የሩ ግሌዝ» ይላል («አጥንት» የሚለው ከግሌዙ ስር ያለውን ጭቃ ነው)፤ የተቀዳውም ከሶንግ ዘመን «የድመት መመገቢያ ሳህን» ነው ይላል። የድመቷን ሳህን ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ፎርጅድ አይደለም። ንጉሡ ዋናውን ዕቃ ከቤተ መንግሥት አውጥቶ እንደ ናሙና ይልካል። ፋብሪካው ይቀዳዋል። ከዚያም ከስሩ «በዮንግጀንግ ዘመን ተሠራ» ብሎ ይጽፍበታል። አጭበርባሪ ስሙን አይጽፍም።

ደረጃ 2፦ መቀመጫውን እዩ

ብዙ ሰው በቀለም ይጀምራል። አትጀምሩ። ቀለም በመብራትና በካሜራ ይለዋወጣል፣ የስልክ ስክሪን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከስሩ ጀምሩ።

የሩ ዕቃ ሲሠራ እንደ እናንተ ሲኒ መቀመጫው አልተጠረገም። ሙሉ በሙሉ፣ ስሩ ሳይቀር፣ ግሌዝ ተቀብቷል። ታዲያ ለምን አልተጣበቀም? በቀጫጭን የሸክላ ሹሎች ላይ አቁመው ስላቃጠሉት ነው። ከእሳት ሲወጣ ሹሎቹ ይነቀላሉ፣ ከስሩ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ይቀራሉ። ቻይናዎቹ «የሰሊጥ ፍሬ» ይሏቸዋል። እውነትም ሰሊጥ ነው የሚመስሉት፦ ትንሽ፣ ሞላላ፣ ነጣ ያለ። ሦስት፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ይገኛሉ። በነጥቡ በኩል የሚታየው ጭቃ ግራጫ ነው፤ እሱንም «የዕጣን አመድ» ይሉታል። ማጨሻ ሥር ያየነው ያ ፈዛዛ ግራጫ ማለት ነው።

የዲንግ ሳህን ሌላ መንገድ ሄደ። ተገልብጦ፣ አፉ ወደታች ሆኖ ነው የተቃጠለው። ስለዚህ ግሌዝ የሌለው ከንፈሩ ነው። ሻካራ ከንፈር ለንጉሥ ማዕድ አይቀርብምና ዙሪያውን በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ቀለበት ሸፈኑት። ከንፈሩ ላይ ብረት ያለው ነጭ ሳህን ካያችሁ በመጀመሪያ ዲንግን አስቡ።

ጓን ደግሞ ከሸሸ ቤተ መንግሥት ጋር የተወለደ ነው። በ1127 ሰሜኑ በወራሪ እጅ ሲወድቅ ቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሸሽቶ ሀንግጆ ከተመ፣ እቶኑንም እዚያ አቋቋመ። የአካባቢው ጭቃ ብረት የበዛበትና ጥቁር ነው። ግሌዙን ደግሞ ደጋግመው እየደራረቡ ቀቡት፤ አንዳንዱ ዕቃ ላይ ግሌዙ ከጭቃው ይወፍራል። እሳት ውስጥ ሲቀልጥ ከከንፈሩ ወደታች ይወርዳል፣ ከንፈሩ ላይ ይሳሳል፣ ጥቁሩ ጭቃ ከስር ይታያል። ያልተቀባው እግር ደግሞ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይወጣል። «ሐምራዊ አፍ፣ የብረት እግር» የሚባለው ይህ ነው።

አሁን የታንግ ዪንግን ችግር ገመቱ። የጂንግደጀን ጭቃ ነጭ ነው። በጣም ነጭ። የዓለም ሸክላ ሠሪ ሁሉ ካኦሊን እያለ የሚጠራው ነጭ ሸክላ ስሙን ያገኘው እዚያው አካባቢ ካለችው ጋኦሊንግ መንደር ነው። ጓንን በነጭ ጭቃ ብትሠሩት አፉ አይጠቁርም፣ እግሩም ነጭ ይሆናል። ሁለት ዘዴ ተጠቀሙ። አንዱ ብረት ያለበት አፈር ጭቃው ውስጥ መቀላቀል ነው። ታንግ ዪንግ ዝርዝሩ ውስጥ «የብረት አጥንት» የሚለው እንዲህ የጠቆረውን ጭቃ ነው። ሌላው ቀለል ያለ ነው፦ እግሩን ጥቁር ቡናማ ቀለም መቀባት።

ስለዚህ የ«ጓን» ዕቃ እግር ስታዩ ይህን ጠይቁ፦ ጥቁረቱ የጭቃው ነው ወይስ ላዩ ላይ የተቀባ? የተቀባ ከሆነ ወጥ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያልቃል፣ የተፈገፈገ ቦታ ካለ ከስሩ ነጭ ብቅ ይላል። በዮንግጀንግ ዘመን የተሠራ እግር ደግሞ ጠርዙ ለስለስና ክብ ብሎ የተቀረጸ ነው። ቻይናዎቹ ከአንድ ድብልብል ዓሣ ጀርባ ጋር ያመሳስሉታል። በጣም ንጹሕ እግር የሶንግ ዕቃ ላይ ካያችሁ ጠርጥሩ።

የሰሊጡን ነጥብም ቀድተውታል። አንዳንድ የቺንግ ቅጂ ስሩ ላይ በቡናማ የተሠሩ «ነጥቦች» አሉት፤ ያለ ሹል የተቃጠለ ዕቃ ላይ የሹል ምልክት። ንጉሡ ዋናውን ሲያገላብጥ ነጥብ ስላየ ቅጂውም ነጥብ እንዲኖረው ፈለገ። የሚንግ ዘመንን ሰማያዊ ሥዕል ሲቀዱም ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል። ዋናው ላይ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ጠቆር ጠቆር ያለበትን ቦታ፣ ቅጂው ላይ በብሩሽ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ድንገት የተፈጠረውን ሆን ብሎ መሥራት፣ የቺንግ ዘመን ፊርማ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ደረጃ 3፦ ግሌዙ የሳሳበትን ቦታ ፈልጉ

ግሌዝ ወፍሮ የተኛበት ቦታ ሁሉንም ይደብቃል። የሳሳበት ቦታ ግን ያጋልጣል። ከንፈር፣ ጠርዝ፣ የእጀታ ጉብታ፣ የእግር መነሻ፤ ዓይናችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ።

ሩ ጠርዙ ላይ ሲሳሳ ወደ ፈዛዛ ሮዝ ያደላል፣ ከስሩ ያለው ጭቃ ነጭ አይደለማ። የቺንግ «ሩ» ጠርዙ ላይ ሲሳሳ ነጭ መስመር ይወጣል። ይቺን አንዲት ምልክት ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ብዙ ትለያላችሁ።

አጉሊ መነጽር ካላችሁና ዕቃው የራሳችሁ ከሆነ አረፋዎቹን እዩ። የድሮ ሊቃውንት የሩ አረፋ «እንደ ንጋት ኮከብ» የተራራቀ ነው ይላሉ። የጂንግደጀኑ ብዙ ጊዜ የተጠጋጋና እኩል ነው።

ደረጃ 4፦ ስንጥቁን አንብቡ

ስንጥቅ መጀመሪያ ጉድለት ነበር። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ግሌዙ ከጭቃው በላይ ይኮማተራል። ጭቃው «እኔ ይበቃኛል» ሲል ግሌዙ ይቀጥላል፣ ከዚያ ጧ ጧ እያለ ይሰነጣጠቃል። ከእቶን ከወጣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ሶንጎች ጉድለቱን ወደዱት፣ ጌጥ አደረጉት።

ገ የሚታወቀው በሁለት ዓይነት መስመር ነው። ትልልቁ ስንጥቅ ጥቁር ነው፣ በመካከሉ ያለው ረቂቁ ስንጥቅ ወርቃማ ቢጫ ነው። «የወርቅ ክር፣ የብረት ሽቦ» ይሉታል። ጥቁሩ የሚመጣው ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ስለሚያስገቡበት ነው።

ቅጂውን ስታዩ መረቡን ተከተሉ። ዋናው ላይ መረቡ ይዛባል። አንዱ ቦታ ይሰፋል፣ ሌላው ቦታ ይጠባል፣ መስመሩ ራሱ አንዴ ይጠቁራል አንዴ ይፈዝዛል። ቅጂው ላይ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያሳርፍ እኩልነት አለ፣ ጥቁረቱም ከዳር እዳር አንድ ነው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። አንዳንዴ ከዋናው ይልቅ ቅጂው ያምራል።

ደረጃ 5፦ ጁን ላይ ሕጉን ቀይሩ

ጁን ለብቻው ነው። የሄናን ክፍለ ሀገር ሥራ ነው። ሰማያዊው ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሐምራዊ ጣል ጣል ይላል። ሐምራዊው መዳብ ነው። ሰማያዊው ግን ከቀለም ብቻ የመጣ አይደለም። ግሌዙ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጥቃቅን የመስታወት ጠብታዎች ይለያያሉ፣ እነሱም ብርሃኑን ይበትኑታል። ከእሳት የሚወጣ ጢስ ጥቁር ግድግዳ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ እንደሚመስለው ማለት ነው። ወፍራም ግሌዙ ውስጥ «የትል መንገድ» የሚባሉ ጠመዝማዛ መስመሮችም ይገኛሉ። ጠርዙ ላይ ሲሳሳ ሰማያዊው ጠፍቶ የወይራ ቡናማ ይሆናል።

ይህንን በወሬ መቅዳት አይቻልም። ታንግ ዪንግም ገባው። በ1729 ረዳቱን ዉ ያኦፑን የጁን አገር ድረስ ልኮ የአሠራሩን ምሥጢር እንዲያጠና አደረገ። በ1735ቱ ዝርዝር ላይ ውጤቱ አለ። ከቤተ መንግሥት ከተላኩ ናሙናዎች የተቀዱ አምስት የጁን ቀለሞች ተጠቅሰዋል። አንደኛው ሮዝ ሐምራዊ ነው። ሌላው ስሙ ትንሽ ያስደነግጣል፦ «የበቅሎ ጉበትና የፈረስ ሳንባ»።

ማስመሰሉ እዚህ ላይ አዲስ ነገር ወለደ። ቀይ ከላይ ወደታች እንደ ነበልባል የሚፈስበት፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ክር የሚጎትትበት ግሌዝ ከዚህ ሙከራ ነው የወጣው። ሌላው ሉጁን ይባላል። በቅድሚያ በተቃጠለ ዕቃ ላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት በድጋሚ ይቃጠላል፤ ቱርኩዋዝና ሰማያዊ ነጠብጣቡ የወፍ እንቁላል ይመስላል። እነዚህን ስታዩ «ጁን ነው ወይስ ቅጂ?» ብላችሁ አትጨነቁ። ከጁን ጋር የሚምታቱ አይደሉም። የነበልባሉን ዕቃ ስር ገልብጣችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ቡናማ ቀለም በብሩሽ ተጠርጎበታል። ዋናው የጁን አበባ ማሰሮ ደግሞ ስሩ ላይ ከ1 እስከ 10 ካሉት የቻይና ቁጥሮች አንዱ ሊቀረጽበት ይችላል።

ማህተሙን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

ይህ ክፍል አጭር ነው። የዮንግጀንግና የቺየንሎንግ ቅጂዎች ስር ብዙ ጊዜ ስድስት ፊደል በሰማያዊ ተጽፏል። ማዕዘናማ በሆነው፣ ማህተም ላይ በሚቀረጸው የጥንት ፊደል ነው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደታች ይነበባል፦ «ታላቁ ቺንግ፣ ዮንግጀንግ፣ በዘመኑ ተሠራ»።

ማህተም ካለ ቅጂ ነው፣ ከሌለ ዋና ነው? አይደለም። ማህተሙን ፍቀው ዕቃውን ለሶንግ ሥራ የሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ስሩ መሃል ላይ ግሌዙ የተፋቀ፣ የደበዘዘ ቦታ ካለ ምን እንደነበረበት ገምቱ። በተቃራኒው ደግሞ የዮንግጀንግን ማህተም ትናንት የጻፈበት ሰው አለ። ገንዘቡ ያስጎመጃል። በ2017 ሆንግ ኮንግ ላይ 13 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት አንዲት የሩ የብሩሽ ማጠቢያ ሳህን 294.3 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጣለች። በዓለም ላይ ያሉት የሩ ዕቃዎች 100 አይሞሉም። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ «ኦርጅናል ሩ» የሚል ካያችሁ ስቃችሁ እለፉ።

ደረጃ 6፦ በአንድ ጥንድ ተለማመዱ

ታይፔ የሚገኘው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም 21 የሩ ዕቃዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ የናርሲሰስ አበባ ማስቀመጫ የሚባል ሞላላ ገበታ ነው። ርዝመቱ 23 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን አራት አጫጭር እግሮች አሉት። ስንጥቅ የለበትም፤ ከሩ ዕቃዎች መካከል ይህ ብርቅ ነው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ክፈቱ። ከዚያ የቺንግ ቅጂውን ጎን ለጎን ክፈቱ።

መጀመሪያ ከላይ እዩ። ሁለቱም ከዝናብ በኋላ እንዳለ ሰማይ ናቸው። መለየት ከባድ ነው፣ አይክፋችሁ። ቀጥሎ ጠርዙን እዩ፦ ሮዝ ነው ወይስ ነጭ? ቀጥሎ የቅርጹን ጥራት እዩ። ቅጂው ሹል፣ እኩል፣ በደንብ የተለካ ነው፤ ዋናው ትንሽ ለስለስ ብሎ ቀለጥ ያለ ይመስላል። በመጨረሻ የስሩን ፎቶ ፈልጉ። ዋናው ላይ ስድስት የሰሊጥ ነጥቦች አሉ።

ነጥቦቹ መካከል ደግሞ ጽሑፍ ተቀርጿል። የቺየንሎንግ ግጥም ነው። አዎ፣ ሰውየው በዕቃው ላይ ግጥሙን አስቀርጿል፤ ብዙ የጥንት ዕቃዎች ላይ አድርጎታል። በዚህ ግጥም ዕቃው የሶንግ ይሁን ከሶንግ በፊት የነበረው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሥራ መለየት እንደሚያስቸግር ይናገራል። ገበታው የውሻ መመገቢያ ነው የሚባለውን ወሬም ያነሳል፣ ወሬው የተሳሳተ ነው ይላል፣ ከዚያ ግን ንጉሥ በሰሌዳ ጨዋታ ሊሸነፍ ሲል ሰሌዳውን ስለገለበጠች አንዲት የቤተ መንግሥት ውሻ ታሪክ ውስጥ ይገባል። የታንግ ዪንግ «የድመት መመገቢያ ሳህን» እንግዲህ የዚህ ዓይነት ዕቃ ነው። አንዱ ለድመት፣ አንዱ ለውሻ ሰጠው። ዛሬ ለአበባ ሰጥተነዋል።

ሙዚየም ስትሄዱ

ለንደን ያላችሁ፣ የብሪትሽ ሙዚየም 95ኛ ክፍል በነጻ ነው። የፐርሲቫል ዴቪድ ስብስብ እዚያ ነው፣ 1,700 ገደማ ዕቃ፤ ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ክፍል ውስጥ ታገኛላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ፣ የእስያ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም አለላችሁ፤ እሱም መግቢያ አይከፈልበትም። ሌሎቻችን ትልልቆቹ ሙዚየሞች ድረ ገጽ ላይ በነጻ የለቀቁትን ፎቶ እንጠቀማለን።

የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ዕቃ አይገለበጥም። ግን ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዓይናችሁን ከመደርደሪያው ጋር አስተካክሉ። ከዚያ ሆናችሁ እግሩ የሚያርፍበት መስመር ይታያል። አንዳንድ ቦታ ስሩ እንዲታይ መስታወት ከስር ያስቀምጣሉ። ጥበቃው ምን ጠፍቶህ ነው ብሎ ቢያያችሁ ግድ የለም፣ እግሩን እያየሁ ነው በሉት።